ውሻን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ ወደዚህ አምድ የሚላኩት ደብዳቤዎች ይለወጣሉ። በሌላው ጊዜ ስለ ክትባት፣ ስለ ቆዳ በሽታና ስለ አመጋገብ የሚጠይቁን አንባቢዎች ሙቀቱ ሲገባ ስለ ጉዞ መጻፍ ይጀምራሉ። በዚህ እትም ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች መርጠናል። አራቱም ውሻን ይዞ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ስለ መሄድ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ብዙ ቤተሰብ የሚገጥመውን ችግር የያዘ ሆኖ ስላገኘነው ሰፋ አድርገን መልሰንለታል።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለልጆቼ ብዬ ከእንስሳት መጠለያ ያመጣሁት ቡቺ የሚባል ውሻ አለን፤ ዕድሜው አራት ዓመት ገደማ፣ ክብደቱ 45 ፓውንድ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እስከ ኅዳር ድረስ ከእኛ ጋር ይቆያሉ። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ለሦስት ቀን ሁላችንም ወደ ኦሽን ሲቲ ልንሄድ አስበናል። ሆቴሉ ውሻ እንደሚቀበል ደውዬ አረጋግጫለሁ። ልጆቹ ቡቺ በባሕሩ ዳር ሲሮጥ ለማየት ቀን እየቆጠሩ ነው። እናቴ ግን ውሻ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ መጸለይ እንደማይሆንላቸው፣ በአንድ መኪናም ከውሻ ጋር ሦስት ሰዓት መቀመጥ እንደሚከብዳቸው ነግረውኛል። ልጆቼንም እናቴንም ማስከፋት አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሆቴሉን አስቀድመው መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሆቴሉ በፊት መጠየቅ የሚገባት ከተማዋ ነበረች። ኦሽን ሲቲ ውሻን በአሸዋው ላይም ሆነ ቦርድዎክ በሚባለው በእንጨት በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ የምትፈቅደው ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከሜይ መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ በጠዋትም ይሁን በማታ፣ ታስሮም ይሁን ተፈትቶ፣ ቡቺ ወደዚያ አሸዋ መውረድ አይችልም። ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 22 ስለሆነ፣ ያሰቡት ጉዞ ክልከላው በሚጸናበት ወቅት ላይ ወድቋል። ልጆችዎ ቀን እየቆጠሩለት ያለው ነገር በዚያ ከተማ በዚያ ወር እንደማይሆን እዚያ ደርሰው ከሚያውቁት ዛሬ ቤት ውስጥ ቢነግሯቸው ይሻላል።

በየዓመቱ ከደንበኞቼ የምሰማው ታሪክ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ቤተሰቡ «ውሻ ይፈቀዳል» የሚለውን የሆቴል ማስታወቂያ አምኖ ይነሣል፤ ወደ አሸዋው ሊወርድ ሲል የክልከላውን ምልክት ያገኛል። ውሻውን ወደ ክፍሉ መልሶ ብቻውን እንዳይተወው፣ ውሻ ያለ ሰው በክፍል እንዲቀር የማይፈቅዱ ሆቴሎች ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ የሚቀረው ወይ አንድ ሰው ከውሻው ጋር ክፍል ውስጥ መዋሉ ነው፣ ወይ ውሻው መኪና ውስጥ መተዉ ነው። በእርስዎ ቤተሰብ ክፍል ውስጥ እንዲውሉ የሚጠየቁት እናትዎ ይሆናሉ ብዬ እሰጋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይህን ያልፈለጉ ሰው ናቸው። ውሻን መኪና ውስጥ ስለ መተው ከዚህ በታች በሁለተኛው ደብዳቤ መልስ ላይ በዝርዝር ጽፌአለሁ፤ ይህ በምንም ምክንያት ሊታሰብ የማይገባው ነው።

በነሐሴ ቡቺን የግድ ይዘን እንሂድ ካላችሁ ከተማውን መቀየር ትችላላችሁ። ከኦሽን ሲቲ በስተሰሜን፣ በደላዌር ግዛት ውስጥ፣ ዱዊ ቢች የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ በበጋው ወራት ውሻ ከጠዋቱ 9፡30 በፊትና ከምሽቱ 5፡30 በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 በፊትና ከ11፡30 በኋላ ማለት ነው፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ መውረድ ይችላል። ለዚህም ከከተማው አስተዳደር የውሻ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ከ6፡15 በኋላ ስለሆነ ጠዋት ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ታገኛላችሁ። እንደ ሐኪም ካያችሁት ደግሞ እነዚህ ሰዓቶች ለውሻው የሚበጁት ናቸው፤ አሸዋው ገና አልጋለም፣ ሰውም አልበዛም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከዱዊ ቀጥላ ያለችው ሪሆበት ቢች በበጋው ወራት ውሻን ከአሸዋውም ከቦርድዎኳም ትከለክላለች። ሁለቱ ከተሞች የተጠጋጉ ስለሆኑ እየተራመዱ ሳያስቡት ከአንዱ ደንብ ወደ ሌላው መግባት ይቻላል።

ሌላው ምርጫ ከኦሽን ሲቲ በስተደቡብ ያለው የአሳቲግ ደሴት ነው። ደሴቱ በ1965 በፌዴራል መንግሥት ተከልሎ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ የሆነ ሲሆን፣ የሚታወቀውም በላዩ በሚኖሩት የዱር ፈረሶች ነው። በሜሪላንድ በኩል ባለው ክፍል ከ6 ጫማ በማይበልጥ ገመድ የታሰረ ውሻ በበጋም ይፈቀዳል፤ የነፍስ አድን ጠባቂዎች ባሉበት የመዋኛ ስፍራና በተፈጥሮ መጎብኛ የእግር መንገዶቹ ላይ ግን አይፈቀድም። በቨርጂኒያ በኩል ያለው የቺንኮቲግ የዱር አራዊት መጠለያ ውሻን መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ እንኳ አያስገባም። ከፈረሶቹ ቢያንስ 40 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው፤ ፈረስ በሚጮህበት ውሻ ላይ የሚሰነዝረው እርግጫ አጥንት ይሰብራል። ልጆች ፈረሶቹን ቢያዩ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም፤ ነገር ግን በነሐሴ የደሴቱ ትንኝና ተናካሽ ዝንብ ብርቱ ነው፣ በዳርቻው ላይም ጥላ የሚባል ነገር የለም። በዚህ አካባቢ ትንኝ ወደ ውሻ ልብና ሳንባ የሚገባውን የልብ ትል፣ መዥገር ደግሞ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ቡቺ የሁለቱን መከላከያ በየወሩ የማይወስድ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪሙ ዘንድ ይውሰዱት።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው። እባክዎ ልጆቹ «አያቴ ውሻ ትጠላለች» ብለው እንዲያስቡ አይተዉአቸው። በአገራችን የውሻ ቦታ ደጅ ነው፤ ቤት ይጠብቃል፣ ቤት ግን አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥማ ከነጭራሹ እንዳይገባ ይጠበቃል። እናትዎ ዳዊታቸውን የሚደግሙበትን፣ ጸበላቸውን የሚያስቀምጡበትን ክፍል ንጹሕ አድርገው መጠበቅ መፈለጋቸው የእምነት ጉዳይ ነውና በምንም ክርክር ሊለወጥ አይገባውም። ከዚህ ሌላ ደግሞ ፍርሃት ሊኖር ይችላል። በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና በተማርኩበት ዘመን ስለ ውሻ ከሰማነው ትምህርት ብዙው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነበር፤ በዚያ በሽታ ጎረቤት ወይም ዘመድ ሲሞት ያዩ ሰዎች ውሻ ሲቀርባቸው መሸሻቸው ከዕውቀት የመጣ ጥንቃቄ ነው። እንግዲህ እናትዎን ቀስ ብለው ይጠይቋቸው፦ የከበዳቸው የንጽሕናው ነገር ነው ወይስ ይነክሰኛል የሚለው? የንጽሕናው ከሆነ መፍትሔው ለእርሳቸው የተለየ ክፍል መያዝ ነው። ፍርሃቱ ከሆነ ደግሞ የቡቺን የክትባት ወረቀት አሳይተው ቢያስረዷቸው ይረዳል፤ ሜሪላንድ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ በሕግ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊወስድ ግድ ነው፤ ይህን የሚያውቁ አዛውንቶች ሲረጋጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መኪናውን በተመለከተ፣ ኋላው ሰፊ የሆነ መኪና ካላችሁ ቡቺ በውሻ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ከኋላ መቀመጫው በስተኋላ ይጓዝ፤ እናትዎ ደግሞ ከፊት ይቀመጡ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን ጉዞውን ለሁለት እከፍለው ነበር። በነሐሴ ከእናትዎና ከልጆችዎ ጋር ያለ ቡቺ ወደ ኦሽን ሲቲ ይሂዱ። ቡቺን በሚያውቀው ሰው ቤት ይተዉት፤ ሰው ከሌለ ደግሞ ውሻ በሚያሳድር ድርጅት ያስቀምጡት፤ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከእብድ ውሻው ክትባት ሌላ ቦርዴቴላ የሚባለውን የሳል ክትባት ስለሚጠይቁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያስከትቡት። ከዚያም በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ላይ በሚውለው የሦስት ቀን ዕረፍት ቡቺን ይዘው እንደገና ወደ ኦሽን ሲቲ ይመለሱ። ያን ጊዜ አሸዋውም፣ ሦስት ማይል የሚጠጋው ቦርድዎክም ክፍት ይሆኑለታል፤ ሙቀቱ በርዷል፣ ሕዝቡም ቀንሷል፤ ውቅያኖስ የበጋውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ ለልጆቹ እግር ማስነከሪያ የሚሆን ለብታ ገና አለው። እናትዎም እስከ ኅዳር እዚህ ስለሚቆዩ ከፈለጉ አብረዋችሁ ይመጣሉ፣ ካልፈለጉም ከዘመድ ጋር ይቆያሉ፤ አንድ ጊዜ ባሕሩን አይተውታልና ቀረብኝ የሚሉት ነገር አይኖርም። ብቻ በኦክቶበር የነፍስ አድን ጠባቂዎቹ ሥራቸውን አጠናቀው ሄደው ስለሚሆን፣ ኳስ ወደ ማዕበሉ እየወረወሩ ውሻውን ከኋላው መስደድ አይገባም፤ ማዕበሉ ውሻን ሲወስድ ልጅ ተከትሎ ይገባል።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልጨምር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኦሽን ሲቲ 140 ማይል ያህል ነው፤ መንገዱ በቼሳፒክ ድልድይ ያልፋል። በ1952 የተከፈተውና ከአራት ማይል የሚበልጠው ይህ ድልድይ በበጋ አርብ ከሰዓት በኋላ ለረጅም ሰዓት ይጨናነቃል፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ውሻው ቢያስመልሰው ወይም ሽንት ቢይዘው መቆሚያ የለም። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ይመረጣል። ቡቺን ከመነሣታችሁ አራት ሰዓት ያህል በፊት ጀምሮ አትመግቡት፤ ውኃ ግን አትከልክሉት። ከድልድዩ ወዲያ ኢስተን፣ ኬምብሪጅና ሳልዝበሪ አሉ፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ አቁማችሁ፣ ገመዱን ከያዛችሁ በኋላ ብቻ በሩን ከፍታችሁ አናፍሱት። ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ እንዲሄድ አትፍቀዱ፤ ለዓይኑና ለጆሮው አደገኛ ነው። ከመጠለያ ስታመጡት ከቆዳው ሥር የገባለት ማይክሮቺፕ ካለ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ያለው ስልክ የአሁኑ ስልክዎ መሆኑን ዛሬውኑ ያረጋግጡ፤ በማያውቀው ከተማ የጠፋ ውሻ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ አያውቅም፤ በማሽን ሲነበብ የሚወጣው ቁጥር ግን ወደ እርስዎ ሊያደርሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ «ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። ባለፈው ዓመት ላብራዶር ውሻዬን ይዤ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር ኳስ ከውኃው እያመጣ ሲጫወት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ አስመለሰው፣ ተቅማጥ ያዘው፣ ማታ ላይ ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገድ ጀመር። ሐኪም ዘንድ አድሮ ዳነልኝ። ምን ነክቶት ነበር? ዘንድሮ እንዳይደገምስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እንኳን ዳነልዎት። ከገለጹልኝ ምልክቶች ስነሣ የባሕር ጨው የጎዳው ይመስለኛል። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ የውሻ ኩላሊት ይህን ያህል ጨው በአንዴ ማስወገድ አይችልም። ውሻው ተጠምቶ ባይጠጣው እንኳ ኳሱን በአፉ ባነሣ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይውጣል፤ ይህ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ሲደጋገም ይከማቻል። ጨው በአንጀቱ ሲበዛ ከሰውነቱ ውኃ ወደ አንጀቱ ይስባል፣ ተቅማጡም የሚመጣው ከዚህ ነው። ወደ ደሙ የገባው ደግሞ ከአንጎል ሕዋሳት ውስጥ ውኃ ስለሚመጥ መንገዳገድ፣ ብሎም መንቀጥቀጥ ያስከትላል፤ እዚህ ደረጃ ሲደርስ ሞት ቅርብ ነው። በቤት ውስጥ ብዙ ውኃ በአንዴ በግድ ማጠጣትም ጉዳት አለው፤ ሐኪሞች የደሙን ጨው የሚያወርዱት ቀስ በቀስ እየለኩ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አስመልሶት በደኅና ሁኔታ ከቆየ ማሳረፍና ንጹሕ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይበቃል፤ ከደጋገመው ወይም ከተንገዳገደ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ነው።

ዘንድሮ ከቤትዎ በቂ የቧንቧ ውኃ ይዘው ይሂዱ። በየሩብ ሰዓቱ ጨዋታውን አቋርጠው ወደ ጥላ ይውሰዱትና ያጠጡት፤ ላብራዶር ደክሞኛል ብሎ የማያቆም ዘር ስለሆነ የሚያስቆሙት እርስዎ ነዎት። ከኳስ ይልቅ ጠፍጣፋ መጫወቻ ይምረጡ፤ አፉን ብዙ ሳይከፍት ስለሚያነሣው የሚገባው ውኃ ያንሳል። ሲጨርስ ጨውና አሸዋውን በንጹሕ ውኃ ያጠቡት፤ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል ያለውን ያድርቁለት። አሸዋው ላይ የእጅዎን ጀርባ ለሰባት ሴኮንድ አስነክተው መታገሥ ካቃተዎት ለእርሱም እግር ይፈጀዋል።

ከጨው ይልቅ ብዙ ውሻ የሚሞተው ግን በሙቀት ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከ40 ካለፈ ያሰጋል፣ 41 ሲደርስ የውስጥ አካላቱ መጎዳት ይጀምራሉ። እኛ በመላ ሰውነታችን እናልባለን፤ ውሻ ግን ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ አየሩ ራሱ ሞቃትና እርጥበታማ ሲሆን ማለክለኩ አይበርደውም። አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑት፣ እንደ ቡልዶግና ፓግ ያሉት፣ ከሁሉም ቀድመው ይወድቃሉ። የቆመ መኪና ደግሞ ምድጃ ማለት ነው፤ ውጭው 85 ዲግሪ ፋራናይት ቢሆን በ10 ደቂቃ ውስጥ የመኪናው ውስጥ ከ100 ያልፋል፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጎ መተውም ይህን አይለውጠውም። ከዓመታት በፊት እሠራበት ወደነበረ ክሊኒክ አንድ ቤተሰብ ቡልዶጉን ታቅፎ መጣ። ምሳ በልተው እስኪመለሱ ሃያ ደቂቃ ነበር የተዉት፤ መስኮቱንም ከፍተውለት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ታግለን ሊነጋጋ ሲል ሞተ። አባትየው ሲያለቅስ የነበረው ሁኔታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ይወዱት የነበረ ሰዎች ናቸው፣ ማንም አልነገራቸውም እንጂ። የሜሪላንድ ሕግም ውሻን ጤናውን በሚያሰጋ ሁኔታ በቆመ መኪና ውስጥ መተውን ይከለክላል። ውሻዎ አብዝቶ ቢያለከልክ፣ ለሐጩ ቢወፍር፣ ድዱ ደም ቢመስል ወይም ቢዝለፈለፍ፣ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብተው ሰውነቱን በሙሉ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ያርሱት፣ ያራግቡለት፣ ከዚያም እያቀዘቀዙት ወደ ሐኪም ይውሰዱት። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን ይዞ ያስቀርበታል።

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን የምኖር ተማሪ ነኝ፤ መኪና የለኝም። ትንሽ ውሻ አለችኝ። በአውቶቡስ ወይም በባቡር ወደ ባሕር ዳርቻ ልወስዳት እችላለሁ? ጓደኛዬ በኢንተርኔት የአገልግሎት ውሻ ወረቀት ግዢና አሳልፊያት ብላኛለች።»

መልስ፦ አምትራክ የሚባለው ባቡር ሳጥኗን ጨምሮ እስከ 20 ፓውንድ የሚመዝን ውሻ እስከ ሰባት ሰዓት በሚደርስ ጉዞ ላይ በክፍያ ያስገባል፤ ነገር ግን ባቡሩ ኦሽን ሲቲም ዱዊ ቢችም አይደርስም። ግሬይሀውንድ አውቶቡስ ከአገልግሎት ውሾች በቀር እንስሳ አይቀበልም። ስለዚህ መኪና ካለው ጓደኛ ጋር ወጪ ተካፍሎ መሄድ፣ ወይም ለሁለት ቀን መኪና ተከራይቶ መሄድ የተሻለ ነው፤ ከመከራየትሽ በፊት ግን ስለ ውሻ ፀጉር የሚያስከፍሉት የጽዳት ክፍያ መኖሩን ጠይቂ።

የወረቀቱን ነገር ግን ተዪው። በአሜሪካ ሕግ የአገልግሎት ውሻ የሚባለው ለአካል ጉዳተኛ ሰው የተለየ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው፤ ለዚህም መንግሥት የሚሰጠው የምዝገባ ወረቀት የለም፣ በኢንተርኔት የሚሸጠው ሁሉ ዋጋ የለውም። ዓይነ ስውር ሆኖ በውሻው የሚመራ ሰው በየበሩ የሚጠረጠረው ሰዎች እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዘው ስለሚመጡ ነው፤ አንቺ የዚያ ምክንያት እንድትሆኚ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር ሽርሽራችን ላይ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስና እንጀራ ይዘን እንሄዳለን። ዘመዶቻችን ለውሻችን ከሚበሉት ያካፍሉታል፤ እሱም ደስ ይለዋል። እኔ እከለክላለሁ፣ እነርሱ ግን አገር ቤት ውሻ የሰው ትራፊ በልቶ አይደለም ወይ የሚኖረው ይሉኛል። ማን ትክክል ነው?»

መልስ፦ ትክክሉ እርስዎ ነዎት። ዘመዶችዎ ፍቅራቸውን በማጉረስ መግለጻቸውን እረዳለሁ፤ ችግሩ ያለው በቁሌቱ ላይ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ ነገር አላቸው፤ መፍላቱ፣ መቁላላቱ ወይም በበርበሬ መዋጡ ይህን አያጠፋውም። አንድ ውሻ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ የሚያህል ቀይ ሽንኩርት በአንዴ ከበላ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፤ ለ20 ኪሎ ውሻ ይህ 100 ግራም ነው፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እንደማለት ነው። ለአንድ ድስት ዶሮ ወጥ ስንት ራስ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የጾም ወጡም ቢሆን ያው ነው፤ ሽሮውም ምስሩም በሽንኩርት ነው የሚሠራው። አገር ቤት ያለው ውሻ ይህን እየበላ ይኖራል የሚለውን በተመለከተ፣ የደጅ ውሻ ታሞ ከአጥር ሥር ሲሞት ምን እንደገደለው የሚመረምር ሰው የለም።

የዶሮው አጥንት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። የበሰለ አጥንት ሲታኘክ እንደ መርፌ እየሾለ ይሰበርና ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል፤ አሸዋ ላይ የተጣለ አጥንት ደግሞ ከዓይን ስለሚሰወር የእርስዎ ውሻ ባያገኘው የሌላው ያገኘዋል። ዘቢብና ወይን፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካም ለውሻ መርዝ ናቸው። ለሰው የሚሰጡ የሕመም ማስታገሻዎችንም በራስዎ ፈቃድ አይስጡት።

ዘመዶችዎን ከማጉረስ መከልከል ይከብድዎት ይሆናል። እንግዲያው የሚያጎርሱትን ነገር ይስጧቸው፦ ዶሮውን ከመቁላትዎ በፊት ከደረቱ ጥቂት ሥጋ ለይተው ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅለው፣ በትንሽ ዕቃ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ልጅ ያድሉ። ሌላውን ሁሉ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ የአጥንቱን መጣያም ከመመገባችሁ በፊት ያዘጋጁ። ይህም ሆኖ ወጥ ከበላ፣ ምልክቱ እስኪታይ አይጠብቁ። የደሙ ጉዳት የሚገለጠው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱም ይጠቁራል ወይም ይቀላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሐኪም ዘንድ ከደረሰ የበላውን አስመልሶ ማውጣት ይቻላል፤ እርስዎ ግን በራስዎ ጨው ወይም ሌላ ነገር ሰጥተው ለማስመለስ አይሞክሩ። ሐኪሙ በስልክ የሚጠይቅዎ የውሻውን ክብደት፣ የበላውን መጠንና የበላበትን ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት በምትሄዱበት ከተማ አቅራቢያ ሌሊትም የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ፈልገው፣ ስልኩን ከውሻው ክብደት ጋር በወረቀት ጽፈው በማቀዝቀዣው ሣጥን ክዳን ላይ ይለጥፉት።